ደብተር፣ ዶሮና ጤና ኬላ፦ ልጆች በልጅነታቸው እንዳይወልዱ የሚወጣው ገንዘብ

ጥር ሲገባ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚወስደው መንገድ የሠርገኛ ይሆናል። ሩዙ ተሰብስቧል፤ ገንዘብ በእጅ አለ፤ በየመንደሩ ዳስ ይጣላል። ከጣራ ገዳም ግርጌ ቆሞ የፎገራን ሜዳ ለሚያይ ሰው ደስ የሚል ወቅት ነው። በዚያው ወር ግን በገጠር ትምህርት ቤቶች አንዳንድ መቀመጫዎች ባዶ ይቀራሉ። እስከ ገና ድረስ ደብተሯን ይዛ ትመጣ የነበረች የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ከጥምቀት በኋላ ስሟ ሲጠራ "አቤት" አትልም። በዓመቱ ልጅ አዝላ ገበያ ትታያለች።

ይህ እንዳይሆን የሕዝብ ገንዘብ ይወጣል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በምን ላይ ይውላል? ለውጥስ ያመጣል ወይ? "ልጄን የማሳድገው እኔ፤ መንግሥት ምን አገባው?" ብለው የሚጠይቁም አይጠፉም። ቀስ ብለን እንያቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እንግለጥ። የጤና ባለሙያዎች "የአፍላ ወጣቶች እርግዝና" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉት ከ100 ልጆች 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው አገኛቸው። በአማራ ክልል 8 ናቸው። በአፋር 23፣ በአዲስ አበባ 3 ናቸው። ምንም ካልተማሩት መካከል ግን ከ100 ወደ 28 ይደርሳሉ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ካገኙት 12 ብቻ ናቸው። ይቺን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ፤ ስለ ገንዘቡ ስናወራ እንመለስባታለን።

"የእኛ ክልል ከአገሩ አማካይ ዝቅ ካለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?" ይሉ ይሆናል። ችግሩ ጋብቻው ላይ ነው። በዚያው ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት የክልሉ ሴቶች ከ100 ወደ 43 ያህሉ 18 ሳይሞላቸው አግብተዋል። ታዲያ ብዙዎቹ ወዲያው ያልወለዱት ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ምክንያት መከላከያ ነው። በክልሉ ካገቡት ሴቶች ከ100 ወደ 47 ያህሉ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ የአገሩ አማካይ 36 ነው። ጤና ኬላው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ጋብቻውን ማስቆም ግን የጤና ኬላ አቅም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያለ ዕድሜ እርግዝና ሲባል አእምሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ድብቅ ፍቅር ነው። በእኛ ገጠር ግን ብዙዎቹ ልጆች የሚያረግዙት በወግ ተድረው፣ በሽማግሌ ተጠይቀው፣ ተመርቀው ነው። ይህን ካልያዝን ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ልንስማማ አንችልም።

አባት ለምን ይድራል? ከጭካኔ አይደለም። "ቆሞ ቀር" የሚለው ስድብ ያስፈራዋል። ልጁ ተደፍራ ወይም ተጠልፋ እንዳትዋረድ ይሰጋል። ሁለቱ ወገኖች ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ ከብት ስለሚሰጡ ጥሩ አማች ሲገኝ እንዳያመልጥ ይቸኩላል። ለዘመድ ሠርግ ሲያዋጣ የኖረ ሰው ደግሞ ያዋጣው የሚመለስለት እሱም ሲድር ነው። በነዚህ ሁሉ መካከል የልጅቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ የለም። አንዳንዴ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ነው የምትሰማው።

አሁን "መንግሥት ምን አገባው?" ወደሚለው፣ ማለትም ወደ "የግል ኃላፊነት" እንምጣ። ይህ አነጋገር በአሜሪካ ትልቅ በጀት የተያዘለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ በስሙ ውስጥ የግል ኃላፊነት የሚል ቃል ነበረው። በዚያ ሕግ ወጣቶች እስኪያገቡ ድረስ ከወሲብ እንዲታቀቡ ብቻ ለሚያስተምሩ ፕሮግራሞች በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ2007 ምክር ቤታቸው ያዘዘው ጥናት ወጣ። ትምህርቱን የተከታተሉትና ያልተከታተሉት ልጆች ልዩነት አልታየባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር። ይህኛው መታቀብንም መከላከያንም ያስተምራል፤ ገንዘብ አያያዝንና ጤናማ ግንኙነትን ይጨምራል። በዚያ አገር ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ 1,000 ልጆች በ1991 በዓመት 62 ያህል ይወልዱ ነበር፤ በ2022 ወደ 14 ወርዷል። መውረዱ የጀመረው ከፕሮግራሙ በፊት ነው። ስለዚህ ምስጋናው ሁሉ ለአንድ በጀት አይሰጥም።

ይህን ያነሳሁት ለማወዳደር ነው። "እስክታገቢ ታገሺ" የሚለው ምክር ለፎገራ የ14 ዓመት ልጅ ምን ይጠቅማታል? እሷ የምታረግዘው ካገባች በኋላ ነው። ለራሷ መወሰን ያልተፈቀደላትን ልጅ ኃላፊነት ውሰጂ ማለት ተገቢ አይደለም። ኃላፊነቱ የአባት ነው፣ የሽማግሌው ነው፣ የሙሽራው ነው። እኔ በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ለዚህ ጉዳይ የሚወጣ ብር መጀመሪያ መድረስ ያለበት የነዚህ ሰዎች ውሳኔ ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከሦስት ቦታ። አንደኛው የወረዳው ጥቅል በጀት ነው። ጥቅል በጀት ማለት ክልሉ በቀመር አስልቶ ለወረዳው በአንድነት የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ወረዳው ለየመሥሪያ ቤቱ ያከፋፍለዋል። ከዚህ ትልቁ ድርሻ ወደ ደመወዝ ይሄዳል። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ የሠርግ ጥቆማ ሲደርሳት የምትሄድበት የሞተር ቤንዚንና አበል ከዚያች ተራፊ ነው የሚወጣው። ቤንዚን ካለቀ ጥቆማው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የጤናው መስመር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን አስቀመጠ። ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍላል። ኪኒኑ፣ መርፌውና ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣሉ። የእርግዝና ክትትልና ወሊድም በጤና ጣቢያ ነፃ ነው። እዚህ ላይ ፎገራ ታሪክ አላት። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሙከራ ሲጀመር ከክልሉ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ጤና መድን ማለት ቤተሰብ በዓመት አነስተኛ መዋጮ ከፍሎ፣ ሲታመም ያለ ክፍያ የሚታከምበት ነው። ስለዚህ የፎገራ ሰው "አስቀድሞ መክፈል ይሻላል" የሚለውን ሐሳብ ከብዙው አገር ቀድሞ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ለጋሽ ነው። ኢትዮጵያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት የልጅነት ጋብቻን የማስቆም ፕሮግራም ውስጥ ካሉት 12 አገሮች አንዷ ናት። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ወጪው የተሰላ የአምስት ዓመት ዕቅድ ይፋ አደረገ። ግምቱ 94 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ብዙ ይመስላል። ለአገሩ ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው በአምስት ዓመት አንድ ዶላር አይሞላም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስን። ይሠራል ወይ? ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ማስረጃው ከጣና ወዲያ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ አለ።

በ1996 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ "ብርሃነ ሄዋን" የሚባል ሥራ ተጀመረ። የጀመሩት ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅትና የመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሥራው ቀላል ነበር። ሴቶች ልጆች ከአንዲት መካሪ ሴት ጋር በቡድን ይገናኛሉ። የሚማሩት ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸዋል። ወላጆችና ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይነጋገራሉ። ፕሮግራሙን ሳያገቡ ለጨረሱት ልጆች በሕዝብ ፊት አንዳንድ ፍየል ይሰጣል። ፍየሏ ለቤተሰቡ ናት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተለካ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር 90 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። ትምህርት ቤት የመቆየት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ እነሱ በብዛት አገቡ። አጥኚዎቹ ይህን አልደበቁም። ደብተሩ ትንንሾቹን አቆየ፤ ከፍ ላሉት ግን አልበቃቸውም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ ተደረገ። ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በዚሁ በአማራ ክልል እያንዳንዱ እርዳታ ለየብቻው በተለያየ ቦታ ተሞከረ። አንዱ ቦታ ደብተር ብቻ ሆነ። ሌላው ቦታ የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ። ሦስተኛው ቦታ በትምህርቷ ቆይታ ሳታገባ ለከረመች ልጅ በየዓመቱ ሁለት ዶሮ። አራተኛው ቦታ ሁሉም በአንድ ላይ። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስወጣም ተመዘገበ።

የወጣውን ሒሳብ ይዩት። የትምህርት ቁሳቁሱ ለአንዲት ልጅ በዓመት ከ20 ዶላር አይበልጥም ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ 400 ብር አይሞላም። ከ12 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻን ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዶሮው 32 ዶላር ገደማ ነበር። እሱ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ያሉትን ያዘ፤ ጋብቻቸው በግማሽ ቀነሰ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲሰጥ 44 ዶላር ገደማ፣ ማለትም በጊዜው ብር 800 ያህል ነበር።

ዶሮ ይህን ያህል ምን ኃይል አለው? ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በገበያ ቀን ብር ነው። ያ ብር የልጅቱን ሳሙና፣ እስክሪብቶና የንጽህና መጠበቂያ ይገዛል። ከሁሉ በላይ "ይቺ ልጅ ቤት በመቀመጧ ቤቱን ታከስራለች" የሚለው ወሬ ዝም ይላል። የአባት ፍርሃትና የቤቱ ኪስ አንድ ላይ ናቸው፤ ኪሱ ትንሽ ሲደገፍ ፍርሃቱ ፋታ ያገኛል።

አንድ ትምህርት ቤት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል 200 ሴቶች ልጆች አሉት እንበል። በዚያ ሒሳብ ለሁሉም የትምህርት ቁሳቁስ ለመስጠት በዓመት 4,000 ዶላር ይበቃል። ምጥ ጠንቶባት የምትንገላታ ልጅን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያደርስ አንድ አምቡላንስ ዋጋው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። አምቡላንሱ አይገዛ አላልኩም፤ ያስፈልጋል። ቀድሞ የሚወጣው ብር ግን ከኋለኛው እንደሚያንስ ይታወቅ።

ጉትማከር የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ስሌት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ለወሊድ መከላከያ የምትጨመር እያንዳንዷ ዶላር ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ሊወጣ የነበረ 3 ዶላር ታድናለች። በዚህ ስሌት ውስጥ ያልገባ ሥቃይም አለ። ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ምጧ ለቀናት ሲቆይ ፊስቱላ ይደርስባታል። ፊስቱላ ማለት በሕፃኑ ጭንቅላት ግፊት በመውለጃው አካልና በፊኛ መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር፣ ሽንት ያለ ፈቃድ የሚፈስበት ጉዳት ነው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊኖች በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ለዚህ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ፤ የባሕር ዳሩ ማዕከል በ2005 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሕክምናው ነፃ ነው። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአፍረት ቤት ተደብቃ የተቀመጠች ሴት ካወቁ ይህን ይንገሯት።

አሁን ሌላ ዓይነት ልጅ እናንሳ። ስምንተኛን ጨርሳ ዘጠነኛን ለመማር ከገጠር ቀበሌ ወረታ ወይም አዲስ ዘመን የመጣች ልጅ። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ቅዳሜ ስንቅ ይመጣላታል። በር ላይ ጥሩ ቁልፍ ላይኖር ይችላል፤ ሽንት ቤቱ ሩቅ ይሆናል፤ ብር ሲያልቅባት "ላግዝሽ" የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። የዚች ልጅ እርግዝና በሠርግ አይመጣም። ለእሷ የግል ኃላፊነት የሚለው ቃል ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የምትወስነው ነገር አላት። ግን ለመወሰን ማወቅ አለባት። ሰውነቷ እንዴት እንደሚሠራ፣ እምቢ የሚባለው እንዴት እንደሆነ፣ መከላከያ የት እንደሚገኝ ማንም ካልነገራት በምን ትወስናለች? ወንዱ ተማሪም እኩል መማር አለበት።

"እንዲህ ያለ ትምህርት ልጆቹን ያባልጋል" የሚል ስጋት እሰማለሁ። ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ዩኔስኮ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርቱ ልጆችን ቶሎ ወደ ወሲብ እንደማይገፋ አስፍሯል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ በሩ ነው። ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት የሚባል ክፍል በጤና ጣቢያ አለ። ወረፋው ግን የአክስትና የጎረቤት ወረፋ ከሆነ ልጅቱ አትገባም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት፣ መግቢያው ለብቻ የሆነ ክፍል ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ካረገዘችስ? ቶሎ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ክትትሉ ነፃ ነው። ተደፍራ ከሆነ ወይም በልጅነቷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ አካሏም አእምሮዋም ካልደረሰ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እርግዝናው በጤና ተቋም እንዲቋረጥ የሚፈቅድበት ሁኔታ አለ። ይህን ባለሙያ ያስረዳታል። በስውር ወደሚያስወርዱ ሰዎች እንዳትሄድ ነው ዋናው ነገር። ወልዳ ወደ ትምህርት መመለስም መብቷ ነው።

ሕጉ ስለ ጋብቻው ምን ይላል? በፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግም፣ በክልሉ አዋጅ 79/1995ም የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል። ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት። ጉዳዩ የሚበላሸው ግን ዕድሜ ላይ ነው። አባት "18 ሞልቷታል" ይላል፤ የክርስትና ቀኗን የሚያስታውስ ይጠፋል፤ ባለሙያ ከቁመቷና ከጥርሷ ይገምታል። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ይመዘገባል፤ ያለፈበትም ዘግይቶ መመዝገብ ይችላል። አንዲት ወረቀት ናት። ሽማግሌ በሚመጣ ቀን ግን ከብዙ ክርክር ታሳርፋለች።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛውን የውጭ እርዳታውን አቋረጠ፤ የጤናው መስመር ትልቅ ደጋፊ እሱ ነበር። እንግዲህ ባልተማሩትና በተማሩት መካከል ያየናትን ያቺን የ28ና የ12 ልዩነት ያስታውሷት። ልጅቱን ከሁሉ በርካሽ የሚጠብቃት ትምህርት ቤቱ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው የሚሰማው "ምን ትሠራለች ታዲያ?" የሚለውን ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል። ትምህርት ቤት ባልተከፈተበት ቀበሌ መካሪ ሴት ያላት ትንሽ የልጆች ቡድን፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን በዛፍ ጥላ፣ ብትሰበሰብ ጠቃሚ ናት። ሞሰቦም ላይ ትምህርት ቤት የማይገቡት ልጆች በቡድን ይገናኙ ነበር።

እርስዎስ ምን ማድረግ ይችላሉ? የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ በፊት፣ በበጋው ማለቂያ ላይ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ይሂዱ። ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ለችግረኛ ሴቶች ልጆች ደብተር የተያዘ ነገር አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። የቀበሌ ምክር ቤት አባልዎን ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የምትንቀሳቀስበት ቤንዚን ተመድቦላት እንደሆነ ይጠይቁት። የሠርጉ ወራት እነዚያ ናቸው። ደብተሩም በነሐሴ፣ ምዝገባ ሳያልቅ መድረስ አለበት፤ ሽማግሌ መላክ የሚጀመረው መስቀል ካለፈ በኋላ ነውና።